ምጽዋት ለኩባንያው

ኩባንያው መታመሙን የገበያው ሰው የሰማው በድምጽ ማጉያ ነው። ያ ድምጽ ማጉያ ሌላ ጊዜ የሚጮኸው ልጅ ሲጠፋ ወይም ሞተር ሳይክል መንገድ ዘግቶ ሲቆም ነበር። የዚያን ዕለት ግን የገበያው ሥራ አስኪያጅ ኪቲፖን ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ወረርሽኙ ድሃና ሀብታም እንደማይለይ፣ የገበያው ባለቤት የሆነው ኩባንያ በሆቴሎቹም በሱቆቹም ክፉኛ እንደተጎዳ፣ መንግሥት ግን የሁሉ አባት ነውና በቢሊዮን የሚቆጠር የታይላንድ ባት ድጎማ እንደፈቀደለት አበሰረ። ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ አዳመጠ።

"ስለዚህ" አለ ኪቲፖን፣ "የቦታ ኪራይ እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ውዝፍ ያለባችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈላችሁ ቦታችሁ ለሌላ ይሰጣል። እጃችሁን ታጠቡ።"

ላምዱዋን እጇ ዘይት በዘይት ስለነበር ምክሩን ለጊዜው መፈጸም አልቻለችም። ሙዝ ትጠብሳለች። ቦታዋ ከወንዙ የጀልባ መውረጃ አፍ ላይ ነው፤ ከጀልባ የወረደ ሰው ፊቱን ወደየትም ቢያዞር የሙዙ ሽታ አፍንጫውን ይዞ ይጎትተዋል። ከእሷ በፊት እናቷ እዚያው ቆማ ጠብሳለች። ለሙዝ ጠባሽ ቦታ ማለት ግማሽ ሙያ ነው፤ ያንኑ ሙዝ ከገበያው ጓሮ ዓሣ ከሚታረድበት አጠገብ ብትጠብሰው ድመት እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። ባንኮክ ቤቱን ከዘጋ ወዲህ ግን ጀልባው የሚመላለሰው ነጂውንና ገመድ ጣዩን ብቻ ይዞ ነው፤ ገመድ ጣዩ ደግሞ ስኳር አለበት። ስለዚህ ላምዱዋን ኪራይ መክፈል ካቆመች ሰንበት ብሏል።

መንግሥት ለተራው ሰው አላሰበም አይባልም፤ አስቧል። በስልክ የተመዘገበ ሁሉ በየወሩ አምስት ሺህ ባት ያገኛል፣ የሚገባውንና የማይገባውን ኮምፒውተር ይለያል ተብሎ ነበር። ኮምፒውተሩም ለየ። ከላምዱዋን ጎን የዓሣ ድቡልቡል የሚሸጠውን፣ ስድሳ ያለፈውንና ሦስት የልጅ ልጆች ያየውን ቡንሶንግን "ተማሪ ስለሆኑ ድጎማው አይመለከትዎትም" አለው። ላምዱዋንን ደግሞ "ጉዳይዎ እየተጣራ ነው" አላት። ከዚያ ወዲህ ቡንሶንግ በገበያው ስሙ ተማሪው ሆነ።

"አንተ ተማሪ፣ የቤት ሥራህን ጨርሰሃል?" ትለዋለች ጠዋት ጠዋት።

"አስተማሪዋ ዘይት ዘይት እየሸተተች እንዴት ልማር?" ይላታል።

ኪቲፖን በድምጽ ማጉያው ተናግሮ በጨረሰ ጊዜ ግን ቡንሶንግ መቀለድ አላማረውም። "ወይ ጉድ! ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ኪራዩን ምን ያደርጉታል?" አለ።

"ታመናል አሉ እኮ።"

"የታመመ ሰው እንዲህ ይጮሃል?"

ላምዱዋን ሙዙን እያገላበጠች እያሰበች ነበር፤ እሷ ስታስብ ደግሞ ሌላው ሰው ኪሱን መጠበቅ ነበረበት። ምክንያቱም ላምዱዋን የገበያው ፖስታ አዳይ ናት። በየዓመቱ ለገዳሙ ስጦታ ሲዘጋጅ ባዶውን ፖስታ ለሻጩ ሁሉ የምታድለው፣ ሞልቶ ሲመለስ የምትቀበለው እሷ ናት። ገንዘቡን በተሰነጠቀ የቀርከሃ እንጨት እያስነከሱ በደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ይሰኩታል፤ ዛፉ በባት ሲለመልም በከበሮና በጭፈራ ተሸክመው ለመነኮሳቱ ያደርሳሉ። ሰጪው ጽድቅ ያገኛል፣ ገዳሙም ጣሪያውን ይጠግናል። ባዶ ፖስታ የመለሰ ሰው እስካሁን አልታየም። አንድ ጊዜ አንድ ዶሮ ሻጭ ሞክሮት፣ ላምዱዋን "ግድ የለም፣ ቡድሃ ዶሮ አይበላም" ብላ በገበያው መሃል ጮክ ብላ አጽናናችው፤ በማግሥቱ እጥፍ ይዞ መጣ።

"ለኩባንያው ዛፍ እንትከልለት" አለች።

ቡንሶንግ ማንኪያው ከእጁ ወደቀ። "ለማን?"

"ለኩባንያው። ታሟል አይደል? እንመጽውተው።"

"ለድሃ መስጠት ሰለቸሽና ለሀብታም ጀመርሽ?"

"እስቲ ንገረኝ፣ አንተ ድጎማ ተቀብለሃል?"

"እኔማ ተማሪ ነኝ።"

"እኔም አልተቀበልኩም። ድጎማ የተቀበለው ኩባንያው ነው። ታዲያ ድሃው ማነው?"

ከዚያ ላምዱዋን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዋናውን ነገር ነገረችው። የተመጸወተ ሰው ያፍራል። በአደባባይ፣ በከበሮ፣ ሰው እያየው ከለማኝ እጅ ምጽዋት የተቀበለ ባለጠጋ፣ በማግሥቱ ለማኙን ከቦታህ ተነሥ ቢለው በምን ዓይኑ ያየዋል? ዕዳውን ባይሰርዝ እንኳ ጊዜ ይሰጣል። "በክርክር አንችላቸውም፣ ጠበቃ አላቸው" አለች። "በደግነት ግን እንረታቸዋለን። ለሱ ጠበቃ የላቸውም።"

ሐሳቡ ጤናማ ይመስል ነበር። ቢያንስ ለገበያው ሰው መስሎታል። ፖስታው ዞረ፤ ሁሉም ሃያ ሃያ ባት ከተተበት፤ ከዚያ በላይ መስጠት ቢያምራቸውም ከየት ይመጣል? ዛፉ የተተከለው በቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። ሃያ ባት አረንጓዴ ስለሆነ ሲያዩት እውነተኛ ቅጠል ያለው ይመስል ነበር። መንግሥት መሰብሰብ ስለከለከለ ሰልፉ ሁለት ሁለት ሜትር እየተራራቀ፣ ጭንብሉን አጥልቆ፣ አንድ ከበሮ እያስመታ ወደ ኩባንያው ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ሄደ። ሰልፉ በጣም ከመርዘሙ የተነሳ ከኋላ ያሉት ከበሮውን አይሰሙም ነበርና በየራሳቸው ምት ጨፈሩ።

ቢሮው እዚያ ያለው ኪቲፖን ሲያያቸው መጀመሪያ አመጽ መስሎት በሩን አስዘጋ። ጉዳዩ ሲገባው ግን በሩን አስከፍቶ ወደ ላይ ስልክ ደወለ። የኩባንያው ሊቀመንበር ራሱ ወረደ። ነጭ ጸጉር ያለው፣ ቀጠን ያለ ሽማግሌ ነው። ዛፉን አየ፤ ላምዱዋንን አየ፤ ንግግር ጀመረና መጨረስ አቃተው፤ አለቀሰ። የምሩን ነው ያለቀሰው፤ ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ነው። አስመስሎ ቢሆን ላምዱዋን ትነቃበት ነበር። እሷም አብራ አለቀሰች፤ ፎቶ አንሺው አነሳቸው። ዛፉን በመስታወት ሳጥን አድርገው በእንግዳ መቀበያው መሃል አቆሙት። ለእያንዳንዱ ሻጭ አንድ አንድ የውሃ ጠርሙስ ተሰጥቶ ሰልፉ ወደ ገበያው ተመለሰ።

"አየህ?" አለችው ቡንሶንግን። "አፍሯል።"

"አልቅሷል" አለ ቡንሶንግ። "ማፈሩን እናያለን።"

ሳምንት ሳይሞላ ፎቶው ከጀልባው መውረጃ በላይ ተሰቀለ፤ የአንድ ፎቅ ቤት ያህላል። ላምዱዋን ሊቀመንበሩን ይዛ ታለቅሳለች፤ ቡንሶንግና ሌሎቹ ሻጮች ከኋላ ተደርድረው ቆመዋል። ከሥሩ "ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው" ይላል። ላምዱዋን በራሷ ፊት ጥላ ሥር ሙዝ መጥበስ ጀመረች፤ ጥላው ደግሞ ጥሩ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ኪቲፖን የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። በአክብሮት እጁን አጋጥሞ ጎንበስ አለ። "እትዬ ላምዱዋን፣ ስጦታችሁ ልባችንን ነክቶታል። ሊቀመንበሩ እስካሁን ያነሱታል።"

"አይ፣ ምን አደረግን ብለህ ነው ልጄ።"

"እና ኪራዩስ?"

ላምዱዋን የሰማችውን ማመን አቃታት። "ስጦታውን… ዛፉን ተቀብላችሁ የለ?"

"ስጦታ ሌላ፣ ኪራይ ሌላ ነው እትዬ። ደግሞ እርስዎማ ምን ይቸግርዎታል? ለሰው የሚተርፍ አለዎት።" ይህን ሲል በጣቱ ወደ ፎቶው አመለከተ። ተንኮል የለበትም፤ የመሰለውን ነው የተናገረው። ቀኑ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሆነም በትሕትና አስታውሷት ሄደ።

የቀራት ተስፋ የመንግሥት አምስት ሺህ ባት ነበር። ከተሳካ የሦስት ወሩ ባንዴ ይለቀቃልና ውዝፉን ዘግታ ቦታዋን ታድናለች። ገበያው ሁሉ ቅሬታ አቅርቦ ስለነበር፣ ቅሬታውን በዓይኑ አይቶ የሚወስን ዊራፖን የሚባል ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ተላከ። ዊራፖን ደግ ልጅ ነው። ላብ እያጠመቀው እያንዳንዱን ሻጭ አነጋገረ፤ ከቡንሶንግ ጋር ብዙ ተከራክሮ ተማሪ አለመሆኑን በመጨረሻ አመነለት። ከላምዱዋን ሙዝ ገዛ፤ በነጻ ብትለው እምቢ ብሎ ከፈለ።

"የእርስዎ ግልጽ ነው እትዬ" አላት አፉን ሞልቶ። "ተጎጂ ነዎት። አሁኑኑ አጸድቀዋለሁ።" ስልኩን አወጣና ቦታዋን ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ራቅ ራቅ ሲል ቀና አለ። "ያቺ… እርስዎ ነዎት?"

እዚህ ላይ አይደለሁም ብትል፣ መንታ እህት አለችኝ ብትል፣ ሌላው ቢቀር ብትስል ምን ነበረበት! ላምዱዋን ግን ደረቷን ነፋ አድርጋ "አዎ፣ ለኩባንያው ዛፍ ያበረከትን ጊዜ ነው" አለች። "እነዚህ ሁሉ ከኋላ ያሉት የኛው ገበያ ሰዎች ናቸው።"

ዊራፖን ማላመጡን አቆመ። ስልኩ ላይ ረጅም ነገር አነበበ፤ ፊቱ እየከፋው መጣ። "ድጎማው የማይመለከታቸው" አለ እያነበበ፣ "ደመወዝተኞች፣ ጡረተኞች፣ ተማሪዎች፣ ገበሬዎች፣ በወረርሽኙ ወቅት ለድርጅት ገንዘብ የለገሱ…" ቀና አለ። "ለጋሽ ተጎጂ አይደለም ይላል።"

"ሃያ ባት እኮ ነው የሰጠሁት!"

"ስንት የሚል የለበትም እትዬ። ለገሰ ነው የሚለው።" ወደ ፎቶው ተመልሶ አየ፤ በጣቱ ሰው መቁጠር ጀመረ። "እነዚህም ሁሉ?"

"ኧረ በሕግ አምላክ! እነሱን ተው፣ እኔ ነኝ ያመጣኋቸው!"

"ቢመለስላችሁማ ለጋሽ አይደላችሁም" አለ ዊራፖን፣ እሱም አዝኖ። "ያኔ ደውይልኝ… ይደውሉልኝ ማለቴ ነው።" ስልክ ቁጥሩን ሰጣት።

ወሬው ከሙዙ ሽታ ቀድሞ ገበያውን አዳረሰ። አንድም ሰው አልሰደባትም፤ ቢሰድቧት በተሻለ። ትናንት "እትዬ" ሲሏት የነበሩት ዛሬ በአጠገባቸው ስታልፍ ሸቀጣቸው ላይ ሥራ ያገኛሉ። ከተማሪነት በስንት ጭቅጭቅ የወጣው ቡንሶንግ በዚያው ቀን ለጋሽ ሆኖ ተከለከለ። እሱ ብቻ ነው ያናገራት።

"'ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ' አለ ሰውዬው" አላት።

የላምዱዋን የራሷ ቦታ ባይተርፍ እሺ፣ ዕድሏ ነው። የእነሱ ግን በእሷ ፖስታ ነው የሄደው፤ ባዶ መመለስ የሚፈልገውን እንኳ አሳፍራ ያስከተተችው እሷ ናት። ሙዙን አውርዳ፣ እሳቱን አጥፍታ፣ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ሕንጻው ሄደች።

በእንግዳ መቀበያው ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ዛፉ በመስታወቱ ውስጥ መብራት በርቶለት ቆሟል። ኪቲፖን እየተጣደፈ ወረደ። "እትዬ፣ ምን እግር ጣለዎት?"

"ተጸጽቻለሁ" አለችው።

"ምን?"

"በሰጠሁት ተጸጽቻለሁ።" ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስትነግር የኖረችው ሰጥታችሁ አትጸጸቱ ነው፤ የተጸጸተ ሰጪ ጽድቁ ይተናል፤ ይህን እዚያ አገር የማያውቅ ሕጻን እንኳ የለም። "ጽድቄን ትቼዋለሁ። ገንዘቡን መልሱልን።"

ኪቲፖን በኑሮው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ወደ ገንዘብ ክፍል ደወለ፤ ብዙ ሰማ፤ ስልኩን ዘግቶ አስረዳት። ስጦታው አንዴ ስጦታ ተብሎ ገብቷል። መንግሥትም ፎቶውን አይቶ፣ ሕዝብ የሚወደው ኩባንያ ነው ብሎ ሁለተኛ ድጎማ ጨምሯል። ስጦታው ተመለሰ ማለት ሕዝብ አይወደንም ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለአገር ኢኮኖሚ አይበጅም። "ከፈለጉ ግን" አለ ኪቲፖን በርኅራኄ፣ "ከራሴ ኪስ ሃያ ባት ልሰጥዎት እችላለሁ።"

ላምዱዋን ለዊራፖን ደወለች፤ ኪቲፖንም በሩ ላይ የቆመው ጥበቃም እንዲሰሙ ድምጹን ከፍ አደረገችው።

"ሥራ አስኪያጁ ከራሱ ኪስ ሃያ ባት ከሰጠኝ ይሆናል?"

"አይሆንም እትዬ" አለ ዊራፖን። "ያ የእሱ ስጦታ ነው፤ እርስዎ ለጋሽነትዎ አይለቅዎትም። ጭራሽ ከግል ድርጅት እርዳታ ያገኘ የሚለው ውስጥ ይገባሉ።"

"እነሱ ካልመለሱልኝ፣ እኔ ራሴ ብወስደውስ?"

"ማንም ሳይሰጥዎ?"

"ማንም ሳይሰጠኝ።"

"ይሄማ… ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሌብነት ነው።"

"ሌባ ድጎማ አይወስድም ይላል?"

ልጁ ዝርዝሩ ውስጥ እየፈለገ መሆኑ ያስታውቃል። ኪቲፖን ሳይታወቀው አንገቱን ወደ ስልኩ አስግጎ ነበር። "ገበሬ፣ ተማሪ፣ ጡረተኛ…" አለ ዊራፖን እያንሾካሾከ። "የለም። ሌባ የሚል አልተጻፈም። ገንዘቡ በእጅዎ ከተመለሰ ደግሞ ለጋሽ አይደሉም፤ በርግጥ ለመውሰድዎ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል።"

"ተባረክ ልጄ።"

የመስታወቱ ሳጥን ቁልፍ የለውም፤ የምጽዋት ዛፍ የሚነካ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ላምዱዋን ከፈተችው። አንድ አረንጓዴ ኖት ከቀርከሃው ላይ ፈታች። ሃያ ባቱን ሽርጧ ኪስ ከተተችና ወደ ጥበቃው ዞረች። "ፖሊስ ጥራ። ስሜ ላምዱዋን ነው፣ ሰርቄያለሁ በል።"

"እትዬ፣ ምን ነካዎት!" ኪቲፖን ላብ በላብ ሆነ። "ፎቶው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ! እርስዎ ታሰሩ ቢባል ሰው ምን ይላል? ይቅር ብለንዎታል! ይውሰዱት፣ ይቅርታ ተደርጎልዎታል!"

"ይቅርታ አልፈልግም!" ጮኸች። "ይቅር ካልከኝማ ስጦታ ነው። ሌባ ነኝ ብያለሁ፣ ምን አግብቶህ ነው ይቅር የምትለኝ?"

ጥበቃው ማንን እንደሚሰማ ግራ ገብቶት ፖሊስ ጠራ። ኪቲፖን ስልኩን ይዞ ወደ ጥግ ሄደ፤ ከላይ ካሉት ጋር ተነጋግሮ ሲመለስ ዝናብ የመታትን ዶሮ ይመስል ነበር፤ ሲናገርም አንገቱን ቀብሮ ነው። ይህን ያህል ያፈረ ሰው ላምዱዋን አይታ አታውቅም። በመስጠት ያጣችው እፍረት በመስረቅ መጣላት።

"ገንዘቡን ይመልሱ፤ ፖሊሱን እንመልሰው" አላት በሹክሹክታ። "ውዝፉ ይሰረዝልዎታል። ቦታው እስከ ዕድሜ ልክዎ የእርስዎ ነው። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው ያሉት።"

ላምዱዋን የሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተደገፈች። የእናቷ ቦታ። የጀልባው አፍ። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ለዚህ ስትል ነው ዛፉን ያስተከለችው። እጇ ወደ ሽርጧ ኪስ ገባ።

"ለኔ ብቻ ነው?" አለች።

"ለእርስዎ ብቻ።"

በዚህ ጊዜ የመስታወቱ በር ተከፈተ። ዊራፖን ደግ ልጅ ነው ተብሎ የለ? አዲስ የተገኘ መረጃ ለተከለከሉት ሁሉ ማሳወቅ ግዴታው ስለሆነ፣ ላምዱዋን ገና ስልኩን ዘግታ ሳትጨርስ ለእያንዳንዳቸው ደውሎ ነበር። ቡንሶንግ ሽርጡን እንደታጠቀ ገባ። ከኋላው ዶሮ ሻጩ፣ ከዶሮ ሻጩ ኋላ ጎመን ሻጯ፣ ከዚያ ወዲያ ሰልፉ በሩን አልፎ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ጭንብላቸውን አጥልቀው፣ እንደ ታዘዘው ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀው ቆመዋል።

ቡንሶንግ ላምዱዋንን አያት፣ ኪቲፖንን አየ፣ ዛፉን አየ። "ጨረስሽ ወይስ ገና ነሽ?" አላት።

ላምዱዋን እጇን ከኪሷ አወጣች፤ ባዶውን ነው። "ጨርሻለሁ" አለችና ለኪቲፖን ጀርባዋን ሰጥታ ከሳጥኑ ገለል አለች። እንባዋ መጣ፤ በጭንብሏ ጠረገችው።

ፖሊሱ ሲደርስ መዝገቡንና እስክሪብቶውን አውጥቶ ነበር። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ።

"ሌባው የታለ?" አለ።

"እየተስተናገዱ ነው" አለ ጥበቃው።